ለቺስታ አማኝ ምን ይመከራል?

በየቤተ ክርስቲያኑ የገንዘብ አያያዝ ትምህርት እየበዛ ነው። ጥሩ ነው፤ ተቃውሞ የለኝም። «ከገቢያችሁ 20 በመቶ ቆጥቡ።» «የስድስት ወር መጠባበቂያ ይኑራችሁ።» «አክሲዮን ግዙ።» «በጅምላ ሸምቱ።» ከአድማጮቹ መሃል ግን ደሞዙ ወሩ ሳይጋመስ ያለቀበት ወንድም አለ። አሜን በሉ ሲባል አሜን ይላል። ሲወጣ ለታክሲ የሚሆን ነገር እንዳለ ኪሱን ይዳብሳል።

ይህ ወንድም ብዙ ጊዜ ራሱን ነው የሚከስሰው። «ወይ አባካኝ ነኝ፣ ወይ እምነት የለኝም» ይላል። እስቲ ሒሳቡን እንየው። ዘይት በጀሪካን የሚገዛ ሰው፣ በትንሽ ላስቲክ እየተቀዳለት ከሚገዛው ይልቅ ለሊትሩ ያነሰ ይከፍላል። ከሰልም በማዳበሪያና በፌስታል እንደዚያው ነው። ድሃው አስወድዶ የሚገዛው ማስላት አቅቶት አይደለም። የጀሪካኑ ዋጋ አንድ ላይ እጁ ስለማይገባ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ላስቲኳም ከብዳለች።

ምሳሌ 13፥23 በድሆች እርሻ ላይ ብዙ ሲሳይ እንዳለ፣ ከፍርድ ጉድለት የተነሣ ግን እንደሚጠፋ ይናገራል። ድህነት ሁሉ የስንፍና ውጤት ነው የሚል ሰው ይህን ጥቅስ ዘልሎታል ማለት ነው። (ምሳሌ 6 ላይ ያለችው ጉንዳን ሁልጊዜ ትጠቀሳለች። እሷ የምትሰበስበው መከር ስላለ ነው።)

ዘሌዋውያን 5ን ተመልከቱ። ስለ ኃጢአቱ መሥዋዕት የሚያቀርብ ሰው በግ ያምጣ ይላል። በግ ካልቻለ ሁለት ዋኖስ ወይም ሁለት የርግብ ግልገሎች። ያንንም ካልቻለ የኢፍ አሥረኛ እጅ ዱቄት፤ ሁለት ሊትር አካባቢ ቢሆን ነው። ስርየቱ ግን ለሦስቱም ያው ነው። ዱቄት ያመጣው በግማሽ አልተማረም። እግዚአብሔር የሰውን አቅም አይቶ ይጠይቃል። ማርያምና ዮሴፍም ሕፃኑን ወደ መቅደስ ሲወስዱት ያቀረቡት በግ ላልቻለ ድሃ የተፈቀደውን የወፍ መሥዋዕት ነበር።

አሁን ወደ 2ኛ ነገሥት 4 እንምጣ። ሴቲቱ መበለት ናት። ሟቹ ባሏ ከነቢያት ልጆች (ከነቢያት ደቀ መዛሙርት ማለት ነው) አንዱ ነው፤ እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው እንደነበር ተመስክሮለታል። ቢሆንም ዕዳ ትቶ ነው የሞተው። አበዳሪው ሁለቱን ልጆቿን ባሪያ አድርጎ ሊወስድ መጥቷል። ነቢዩ ኤልሳዕ «ባልሽ በሕይወት ሳለ ለምን አልቆጠባችሁም?» አላላትም። ምን እንዲያደርግላት እንደምትፈልግ ጠየቃት። ቀጥሎ በቤቷ ያለውን እንድትነግረው አዘዛት። ምክሩ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ያላትም አንድ ማሰሮ ዘይት ብቻ ነበር።

ስንሰብከው ያ ዘይት በርክቶ ብዙ ማድጋ የሞላበት ተአምር ላይ እንቸኩላለን። ከተአምሩ በፊት ጎረቤቶች አሉ። ባዶ ማድጋ ከጎረቤቶችሽ ሁሉ ተዋሺ፣ ጥቂት አይሁን ተባለች። እነሱ ባያውሷት ዘይቱ ምን ውስጥ ይገባ ነበር? ዘይቱ የቆመውም ማድጋው ሲያልቅ ነው። ከዚያ በኋላ ነው «ሽጪ፣ ዕዳሽን ክፈዪ፣ በተረፈው ኑሩ» የተባለችው። እጅ ላይ ገንዘብ ሲኖር የሚሰጠው ምክር በቦታው መጣ ማለት ነው።

ስለዚህ አንተ ቺስታው ወንድሜ፣ አንቺም እህቴ፣ 20 በመቶ አለመቆጠብ ኃጢአት ሆኖ አይቆጠርባችሁም። የባለሱቁን የዱቤ ደብተር ጸልያችሁ ተመልከቱት፤ የምትከፍሉበትን ቀን ለሰውየው በግልጽ ንገሩት። ከወንድሞችም አትደበቁ። ያቺ ሴት ወደ ነቢዩ ጮኻ ነው የሄደችው።

ለምናስተምረው ደግሞ አንድ ነገር ልበል። ዘዳግም 24 ላይ የቀን ሠራተኛው ደመወዝ ፀሐይ ሳይጠልቅ ይሰጠው የተባለው ለቀጣሪው ነው። የወፍጮው መጅ መያዣ አይሁን የተባለው ለአበዳሪው ነው። ሙሴ ስለ ገንዘብ ሲያስተምር አብዛኛውን ጊዜ የሚያናግረው ያለውን ሰው ነው፤ እኛ ደግሞ ማይኩን ይዘን የሌለውን እንመክራለን። በመካከላችን የቤት ሠራተኛዋን ደሞዝ ሁለት ወር ያሳደረ ካለ፣ የሚቀጥለው የገንዘብ ትምህርት ከእሱ ይጀምር።