የካዝና አቅም ምንድን ነው? በቅርብ ርቀት ለሚሠራ ፖሊስስ ምን ያህል ይጠቅማል?

ካዝና የጠመንጃ ወይም የሽጉጥ ጥይት የሚሞላበት መያዣ ነው፤ የካዝና አቅም ማለትም ካዝናው ስንት ጥይት እንደሚይዝ የሚገልጽ ቁጥር ነው። ለወሎ ሰው የመሣሪያዎቹን ስም መጥራት ይበቃል። የውጅግራ ባለቤት አንዷን ተኩሶ፣ ቀለሁን አውጥቶ፣ ሌላ ማጉረስ ነበረበት። ምንሽር 5 ይዞ መጣ፤ ክላሽ 30። ከሽጉጦች ማካሮቭ 8 ይይዛል፤ ግሎክ 17 በመደበኛ ካዝናው 17። አንድ ጥይት አስቀድሞ ጎርሶ ካዝናው እንደገና ከተሞላ ደግሞ አንድ ይጨመርበታል፤ ማካሮቭም 9 ጊዜ ይተኩሳል።

ይህ ቁጥር ገደል ላይና ጓዳ ውስጥ እኩል ዋጋ የለውም። አምባሰል ላይ ጥይት ያለቀበት ሰው ቋጥኝ ተከልሎ ካዝናውን ይለውጣል። በደሴ አንድ ጠባብ ቅያስ ገብቶ የቤት በር ላይ ታጣቂ የገጠመው ፖሊስ ግን መከለያም ጊዜም የለውም። የማካሮቭ ካዝና ማስለቀቂያ ከእጀታው ግርጌ ነው። በሌላኛው እጅ እሱን ገፍቶ ባዶውን መምዘዝ፣ አዲሱን ከወገብ አውጥቶ መሰካት፣ ከዚያ ወደ ኋላ ሄዶ የቆመውን የላይኛውን ብረት መልቀቅ ይጠይቃል። የግሎክ ይቀላል፤ አውራ ጣት አንድ ቁልፍ ሲጫን ባዶው ይወድቃል። ያም ሆኖ ለሠለጠነ እጅ እንኳን ጥቂት ሰከንድ ነው፣ ያውም እጁ ካልተንቀጠቀጠ። አሜሪካዊው የፖሊስ አሠልጣኝ ዴኒስ ቱለር እ.ኤ.አ. በ1983 እንደጻፈው፣ ጩቤ የያዘ ሰው 6.4 ሜትር ያህል ሮጦ ለመድረስ 1.5 ሰከንድ ገደማ ይበቃዋል።

ለትልቅ ካዝና ከሚቀርቡት ማስረጃዎች የሚታወቀው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 11 ቀን 1986 በአሜሪካዋ ማያሚ የደረሰው ነው። የኤፍቢአይ (የአሜሪካ ፌዴራል ምርመራ ቢሮ) ወኪሎች ሁለት የባንክ ዘራፊዎችን መንገድ ላይ ገጠሙ። ሁለት ወኪሎች ሞቱ፤ አምስት ቆሰሉ። ከወኪሎቹ ብዙዎቹ የያዙት 6 ጥይት የሚጎርስ ሪቮልቨር፣ ማለትም ካዝና የሌለውና ጥይቱ በሚሽከረከር ከበሮ ውስጥ የሚገባ ሽጉጥ ነበር፤ አንደኛው እንደገና ሊያጎርስ ሲል እጁን ተመታ። ከዚያ በኋላ ድርጅቱ ፊቱን ካዝና ወዳለው ከፊል አውቶማቲክ ሽጉጥ አዞረ።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላኛው ወገን ነው፤ እዚህ ላይ ክርክሩ ብዙ ጊዜ ይሸፋፈናል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ፣ ራንድ የተባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም ጥናት የኒው ዮርክ ፖሊሶች ከ1998 እስከ 2006 በተኩስ ልውውጥ ከተኮሱት ጥይት ዒላማውን የመታው 18 በመቶ ብቻ እንደነበር አሳይቷል። የቀረው ወዴት ሄደ? ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚባለው ለቃል ብቻ አይደለም። የባቲን የሰኞ ገበያ አስቡት፤ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ፣ ግመልና ፍየል በሰው መሃል ሲያልፍ። እዚያ የሳተች ጥይት ባዶ ሜዳ አታገኝም። የክላሽ ጥይት ደግሞ የጭቃ ግድግዳ ዘልቆ ያልፋል፤ ወዲያ ማዶ ማን እንደተቀመጠ ተኳሹ አያይም። 30 የሚይዘው መሣሪያ ለገበያ መሃል የማይመጥነውም በጉልበቱ ነው፤ ቁጥሩ ላይ ብቻ መነታረክ ዋናውን ያስረሳል።

ስለዚህ ትልቅ ካዝና የሚገዛው ጊዜ ነው፤ ዒላማን አይገዛም። ምረጥ ብባል መካከለኛ ካዝና ያለው ሽጉጥ፣ ወገብ ላይ አንድ ሁለት መለዋወጫ፣ ከሁሉ በላይ ግን ተደጋጋሚ ልምምድ እመርጣለሁ። መለዋወጫው የሚታሰረው ሽጉጥ ከሚይዘው እጅ በተቃራኒ ወገን ነው፤ የጥይቶቹ ጫፍ ወደ ፊት ይዞራል፤ ጣት ሳያዩ ያገኘዋል። የሠለጠነ ፖሊስም ተኩሱ ጋብ ሲልለት የመጨረሻዋ ጥይት እስክትወጣ አይጠብቅም፤ ተከልሎ ግማሽ የቀረውን ካዝና በሞላ ካዝና ይለውጣል፣ ግማሹንም ኪሱ ይከታል።