የጥንድ ባድሜንተን ተጫዋች ሙያ፤ ከአዲስ አበባ ዳርቻ ሲታይ

ከሰዓት በኋላ ወደ ኮዬ ፈጬ ወይም ወደ የካ አባዶ ብቅ ቢሉ፣ በብሎኮቹ መካከል ራኬት የያዙ ልጆች ሊያጋጥምዎት ይችላል። መረባቸው የልብስ ማስጫ ገመድ ነው። ነፋሱ የፕላስቲኳን ሻትል፣ ማለትም በራኬት የምትመታዋን ላባ መሰል ኳስ፣ ይነጥቅና የሰው በረንዳ ላይ ይጥላታል። እስክትወርድ ጨዋታው ይቆማል። አብዛኞቻችን ባድሜንተንን የምናውቀው እንዲህ ነው። በሌላው ዓለም ግን ሰው የሚኖርበት ሙያ ነው። ከሙያው ውስጥ ደግሞ የጥንድ (ሁለት ለሁለት የሚጫወት) ተጫዋች ሕይወት ለብቻው መታየት አለበት።

እኛ በደንብ የምናውቀው ስፖርተኛ ሯጭ ነው። ሱሉልታና እንጦጦ ላይ ማለዳ በቡድን ይሮጣል። የውድድሩ ቀን ግን ሰዓቱም፣ ሜዳሊያውም፣ ሽልማቱም የራሱ ነው። የጥንድ ባድሜንተን ተጫዋች ይህ የለውም። ከሱሉልታ ወይም ከሰንዳፋ ወጣ ሲሉ ገበሬው ዛሬም በበሬ ሲያርስ ያያሉ። አንድ በሬ ብቻ ያለው ሰው ከጎረቤቱ ጋር ይቀናጃል። ቀኝ የለመደውን በሬ ግራ ቢጠምዱት ፈር ይስታል። ለጥንድ ባድሜንተን ከመቀናጆ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

ጨዋታውን ጥቂት ልግለጽ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ሜዳው 13.40 ሜትር ርዝመት አለው። ስፋቱ ለነጠላ ጨዋታ 5.18 ሜትር፣ ለጥንድ ደግሞ 6.10 ሜትር ነው። ሰው በእጥፍ ሲጨምር ሜዳው የሰፋው በአንድ ሜትር እንኳ አይደለም። ባዶ ቦታ ስለሌለ የሚያሸንፈው ፍጥነት ነው። በ2023 የሕንዱ የጥንድ ተጫዋች ሳትዊክሳይራጅ ራንኪሬዲ የመታው ስማሽ (ከላይ ወደ ታች የሚመታ ኃይለኛ ምት) በሰዓት 565 ኪሎ ሜትር ተለክቷል። ይህ በጨዋታ ላይ ሳይሆን ለልኬት ተብሎ በተዘጋጀ ሙከራ ነው። ቢሆንም ከመረቡ ማዶ ለቆመው ሰው ምን ያህል ጊዜ እንደሚተርፈው ያሳያል።

ሁለቱ ሲያጠቁ አንዱ ፊት፣ አንዱ ኋላ ይሆናሉ። ሲከላከሉ ጎን ለጎን ይቆማሉ። በአንድ ነጥብ ውስጥ ይህ ቅያሬ ብዙ ጊዜ ይመላለሳል፤ የሚነጋገሩበት ጊዜ ግን የለም። ፊት ያለው ሰው ወደ ኋላ ዞር ብሎ አያይም። ቢዞር የገዛ ጓደኛው ምት ዓይኑን ሊመታው ይችላል። እኔን የሚገርመኝ ይህ ነው። ከጀርባህ የሚሠራውን ሳታይ አምነህ መቆም ራሱ የሚለመድ ሥራ ነው፤ ዓመታት ይፈጃል።

ሙያው እንደ ኢንዶኔዥያ፣ ቻይና፣ ማሌዥያና ዴንማርክ ባሉ አገሮች በልጅነት ይጀመራል። ልጁ መጀመሪያ ሁሉንም ይጫወታል። በአሥራዎቹ ዕድሜ አሰልጣኞች ይለዩታል። እጁ ፈጣን፣ ሰርቩ (ነጥቡን የሚያስጀምረው ምት) ረጋ ያለ፣ ከሰው ጋር የሚግባባ ከሆነ ወደ ጥንድ ይመደባል። ከማን ጋር እንደሚጣመር ብዙ ጊዜ የሚወስነው አሰልጣኙ ነው። ከዚያ በኋላ አብሮ መሰልጠን፣ አብሮ መጓዝ፣ ብዙ ጊዜም አንድ ክፍል ማደር ነው።

የዓለም ደረጃው ጥንዱን ሳይነጣጥል ይመዝናል። ጥንዱ በ52 ሳምንት ውስጥ ካገኛቸው ውጤቶች ምርጥ 10ሩ ይደመራሉ። ነጥቡ የሁለቱ የጋራ ነው። ተጫዋቹ ጓደኛ ከለወጠ አዲሱ ጥንድ የራሱን ነጥብ ገና መሰብሰብ አለበት። ከ2018 ጀምሮ ትልልቆቹ ውድድሮች ሱፐር 1000፣ 750፣ 500፣ 300 እና 100 ተብለው ተደልድለዋል። ነጥብ የሌለው ጥንድ ብዙ ጊዜ ከታች፣ ከትንንሾቹ ውድድሮች ይነሳል። የጓደኛ ጉልበት ሲጎዳ ጤነኛውም አብሮ ቤት የሚውለው ለዚህ ነው። ሽልማቱም እንደዚሁ ነው። አሸናፊው ጥንድ ከነጠላው አሸናፊ ትንሽ ከፍ ያለ ገንዘብ ያገኛል፤ ግን ለሁለት ይካፈላል።

የኢንዶኔዥያው ሄንድራ ሴቲያዋን ይህን ሙያ ሙሉ በሙሉ የኖረ ሰው ነው። በ2007 ከማርኪስ ኪዶ ጋር የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በ2008 ቤጂንግ ላይ አብረው የኦሎምፒክ ወርቅ ወሰዱ። ከዚያ ተለያዩ። ሄንድራ ከሞሐመድ አህሳን ጋር ተጣምሮ በ2013 እና በ2015 እንደገና የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ከሪዮ ኦሎምፒክ በኋላ ሁለቱ ተለያይተው ሌሎች አጋሮችን ሞከሩ። ተመልሰው ሲገናኙ፣ በ2019፣ ሦስተኛውን የዓለም ዋንጫቸውን አብረው አነሱ። ሄንድራ 35 ዓመት የሞላው በዚያው የፍጻሜ ቀን ነበር። ኪዶ በ2021 ባድሜንተን በመጫወት ላይ እያለ ወድቆ በ36 ዓመቱ አረፈ። ሄንድራና አህሳን ጨዋታ ያቆሙት በ2025 መጀመሪያ ላይ፣ አብረው ነው።

የኢንዶኔዥያዊቷ የግሬይሲያ ፖሊይ ታሪክ ደግሞ ልብ ይነካል። በ2012 ለንደን ኦሎምፒክ ላይ አራት የሴቶች ጥንዶች ሆን ብለው ለመሸነፍ በመጫወታቸው ተባረሩ። ግሬይሲያ ከአጋሯ ጋር ከነዚያ መካከል ነበረች። ለዘጠኝ ዓመት አልተወችውም። በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሎምፒክ፣ በ33 ዓመቷ፣ ከአሥር ዓመት በላይ ከምታንሳት ከአፕሪያኒ ራሃዩ ጋር ወርቅ አገኘች። ታላቅና ታናሽ ሆነው ነው የተጫወቱት። በጥንድ ጨዋታ አንዱ ልምዱን፣ ሌላው እግሩን ይዞ ይመጣል። ረጅም ዕድሜ የሚሰጠውም ይህ ነው።

ከሜዳ የወጣው አብዛኛው ወደ ማሰልጠን ይሄዳል። የታይዋኑ ሊ ያንግ ግን የተለየ መንገድ ያዘ። ከዋንግ ቺሊን ጋር በቶኪዮም በፓሪስም ወርቅ ወስዶ በ2025 የአገሩ ስፖርት ሚኒስትር ሆነ።

ወደ እኛ ዳርቻ ልመለስ። አዲስ አበባ ከ2010ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ኢትዮጵያ ኢንተርናሽናል የተባለ ዓለም አቀፍ የባድሜንተን ውድድር አስተናግዳለች። እንዲህ ያሉ ውድድሮች ለአፍሪካ ጥንዶች ነጥብ የሚለቀምባቸው ናቸው። እዚህ የሚጫወት ሰው ግን ቆላ ያለው ተጫዋች የማያውቀው ፈተና አለበት። ከተማዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ሱሉልታ ደግሞ ከዚያም ትበልጣለች። አየሩ ከባሕር ጠረፉ አንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ሻትልን የሚያቆማት አየር ስለሆነ እዚህ ርቃ ትሄዳለች። ለባሕር ጠረፍ የተሠራች ሻትል እኛ ጋ ከሜዳ ትወጣለች።

መፍትሔው ሻትሉ ራሱ ላይ ነው። ደንቡን የጠበቀ ሻትል 16 ላባ አለው፤ ክብደቱ ከ4.74 እስከ 5.50 ግራም ነው። አምራቾች በፍጥነቱ ቁጥር ይሰጡታል። ለከፍታ ቦታ የሚመረጠው ዘገምተኛው፣ ዝቅተኛ ቁጥር ያለው ነው። ከሌለ የላባዎቹን ጫፍ ወደ ውጭ አጠፍ ያደርጉታል። ያን ጊዜ አየሩን ይበልጥ ይይዛል። መሞከሪያውም ቀላል ነው። ከኋላ መስመር ላይ ሆኖ ከታች ወደ ላይ ሙሉ ምት ይመታል። ደህና ሻትል ከማዶው የኋላ መስመር ከ53 እስከ 99 ሴንቲ ሜትር ሲቀራት ታርፋለች።

አዳራሽ የሌለበት ሰፈር የሚያሳስበው ግን ነፋሱ ነው። የዓለም ባድሜንተን ፌዴሬሽን በ2019 ኤርባድሜንተን የሚባል የደጅ ጨዋታ ጀምሯል። ሻትሉ በሰዓት እስከ 12 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ እንዲችል ተደርጎ የተሠራ ነው። ሣር ላይም፣ አሸዋ ላይም፣ ሊሾ ላይም ይሆናል። ለብሎኮቻችን ግቢ የተሠራ ነው የሚመስለው። ለትምህርት ቤቶችም ሻትል ታይም የሚባል የመምህራን ማሰልጠኛ በነፃ አለ። የዳርቻዎቹ አዳዲስ ትምህርት ቤቶች ቢሞክሩት በጣም ደስ ይለኛል። ሁለት ምሰሶና አንድ መረብ ለአራት ልጆች ይበቃል።

ልጆቹ ጥንድ ሆነው ሲጀምሩ አስቀድመው መስማማት ያለባቸው አንድ ነገር ነው። ሁለቱ መሃል የመጣች ሻትል የማን ናት? የተለመደው መልስ፣ ሁለቱም ቀኞች ከሆኑ በግራ በኩል የቆመው ይመታታል የሚል ነው፤ የራኬት እጁ መሃል ላይ ነውና። አንዱ ግራኝ ከሆነ ግን ቁጭ ብለው መነጋገር ይኖርባቸዋል።