የሞተር ሙቀት ሴንሰርን ቦታ ማዛወር ምንድን ነው?

ከአዘዞ ወደ ጎንደር ከተማ ዳገቱን እየወጣን ነው። መኪናዋ የጓደኛዬ ኮሮላ ዲኤክስ ናት። የሙቀት ጌጇ መርፌ ሩብ ላይ ተኝታለች፤ ኧረ እንዲያውም ከሩብም ዝቅ ያለች ትመስላለች። ጓደኛዬ ዳሽቦርዱን መታ መታ አድርጎ «አየህ፣ አልጋለችም» አለኝ። ብዙም ሳንሄድ ከኮፈኑ ስር ነጭ እንፋሎት ተግተለተለ። ዳር ይዘን ቆምን። መርፌዋ አሁንም ሩብ ላይ ናት።

ጌጁ አልተበላሸም። ሴንሰሩም ደህና ነው። የተበላሸው የተቀመጠበት ቦታ ነው። ያዛወርነው ደግሞ እኛው ራሳችን ነን።

ሴንሰሩ ጣት የምታክል፣ ጥርስ ያላት ትንሽ ብረት ነው። ጫፉ የሞተሩ ውሃ ውስጥ ይነከራል። በውስጡ ሲሞቅ ለኤሌክትሪክ መንገድ የሚለቅ፣ ሲቀዘቅዝ የሚያስቸግር ነገር አለ። በብዙ ቶዮታዎች ላይ ቤንዚኑን ለሚመጥነው የሞተሩ ኮምፒውተር የሚያነበው በ20 ዲግሪ ከ2000 እስከ 3000 ኦም (ኤሌክትሪክን የመቋቋም መለኪያ) ያነባል። በ80 ዲግሪ ከ200 እስከ 400 ኦም ይወርዳል። ዓይነቱ ሁለት ነው። ባለ አንድ ሽቦው ለጌጁ ሲሆን ኔጋቲቩን የሚያገኘው ከተጠመደበት ብረት ነው። ባለ ሁለት ሽቦው ለኮምፒውተሩ ነው። አንዳንድ ሞተር ላይ ሁለቱም ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ሲዛወሩ ታዲያ አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም።

ፋብሪካው ያስቀመጠውን ለምን ይነኩታል? ብዙውን ጊዜ ሞተር ስለሚቀየር ነው። ዲኤክስ በኋላ ጎማ የምትነዳ መኪና ናት፤ ሞተሯ ወደ ርዝመቷ ነው የሚተኛው። ከእሷ በኋላ የመጡት ኮሮላዎች ግን በፊት ጎማ የሚነዱ ስለሆኑ ሞተራቸው በአግድም ነው የተጋደመው። የእነሱን ኢንጀክሽን ሞተር አውጥታችሁ ዲኤክስ ላይ ስታዞሩት፣ የካምቢዮው (የማርሹ) ወገን ወደ ጋቢናው ግድግዳ ይዞራል። ውሃው ከቴስታታው (ከሞተሩ የላይኛው ክፍል) የሚወጣበት አንገት በዚያ በኩል ከሆነ ግድግዳው ላይ ይደገናል። ስለዚህ አንገቱ ይቆረጥና በሌላ መንገድ አዲስ ቧንቧ ይሠራለታል። አንገቱ ላይ ተጠምዶ የነበረው ሴንሰር ያን ጊዜ ቤት አልባ ይሆናል። «ታዲያ የት እናድርገው?» የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

እኛ የመረጥነው የታችኛውን የራዲያተር ቱቦ ነበር። ቦታው ሰፊ ነው፣ እጅ ይገባል፣ ሽቦውም ይደርሳል። ለሥራ በጣም የተመቸ ነበር፤ ጥፋቱም እዚያው ላይ ነው። በታችኛው ቱቦ የሚያልፈው ራዲያተሩ አብርዶ ወደ ሞተር የሚመልሰው ውሃ ነው። ሴንሰሩ ያየውን በትክክል ተናገረ። እኛ ነን የማይመለከተውን የጠየቅነው።

እንጀራ ጋጋሪን አስቡ። ምጣዱ መጋሉን ለማወቅ እጇን መሃሉ ላይ ታስጠጋለች እንጂ ጠርዙን ነካ አድርጋ ሊጥ አታፈስም። ሴንሰርም የሚያውቀው የነከራችሁትን ቦታ ብቻ ነው። ስለ ሞተሩ ማወቅ ከፈለጋችሁ ቴስታታውን አቋርጦ ገና በመውጣት ላይ ያለውን ውሃ አስነክሩት። ቴርሞስታቱ (ውሃው እስኪሞቅ ወደ ራዲያተር የሚሄድበትን መንገድ የሚዘጋው ክዳን) መውጫው ላይ ያለ ሞተር ከሆነ ሴንሰሩ ከቴርሞስታቱ በፊት ይሁን። ከኋላው ካደረጋችሁት ቴርሞስታቱ እስኪከፈት ድረስ የሚያነበው የቆመ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ነው። ቧንቧው የሚዘጋበት ጥግ ላይም አታድርጉት፤ ውሃ አይመላለስም። ከሁሉም በላይ ከፍ ያለው ነጥብ ላይም አይሆንም፤ አየር የሚሰበሰበው እዚያ ነው። («ቴርሞስታቱን አውጥተህ ጣለው፣ ትገላገላለህ» የሚል መካኒክ ካጋጠማችሁ በትህትና ሻዩን ጋብዛችሁ ሂዱ።)

የዚህ ነገር ክፋቱ ስህተቱ የሚያደላው ወደ አንድ ወገን መሆኑ ነው። ራቅ ያለ ቦታ ላይ ከሆነ ቀዝቃዛ ያነባል። ጫፉ አየር ውስጥ ከቀረ ቀዝቃዛ ያነባል። ኔጋቲቩ ከላላ ኦሙ ይጨምራል፣ ጌጁም ቀዝቃዛ ነው ብሎ ይተረጉመዋል። ውሃው ፈሶ ሲያልቅ እንኳ መርፌዋ ልትወርድ ትችላለች፤ ሴንሰሩን የሚነካው ሙቅ ውሃ የለምና። ሽቦው ተልጦ ቦዲ ሲነካ ብቻ ነው መርፌዋ ሽቅብ የምትወጣው። እሱስ ያስደነግጣል እንጂ ሞተር አይገድልም።

የኮምፒውተሩ ሴንሰር ከሆነ መዘዙ ሌላ ነው። ኮምፒውተሩ ሞተሩ ገና ጠዋት የተነሳ ይመስለውና ቤንዚን ያበዛል። ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጭሱ ይጠቁራል፣ ቤንዚን ትጠጣለች። ፋኑን የሚያስነሳው ኮምፒውተሩ ከሆነ ደግሞ ፋኑም በጊዜ አይነሳም።

ለጎንደር ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ከተማችን ከባህር ጠለል በላይ ከ2100 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው። እዚህ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። 0.9 የሚል ጽሑፍ ያለበት ደህና የራዲያተር ክዳን ውሃውን በግፊት አፍኖ መፍያውን ወደ 115 ገደማ ይገፋዋል። ክዳኑ ከላላ ግን ተመልሳችሁ 93 ላይ ናችሁ። ጤነኛ ሞተር ደግሞ 90 አካባቢ ነው የሚሠራው። በሦስት ዲግሪ ልዩነት መሃል እየነዳችሁ መርፌዋ ከዋሸቻችሁ ምን ይቀራችኋል?

ሥራውን በተመለከተ፣ ከሽቦው ይልቅ ጥርሱ ነው የሚያስቸግረው። የጌጅ ሴንሰር ጥርስ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ጫፉ እየቀጠነ ይሄዳል፤ የኮምፒውተሩ ቀጥ ያለና ሮንዴላ ያለው ነው። «ይገባል፣ ጠበቅ አድርገው» ማለት አልሙኒየሙን መሰንጠቅ ነው። ሴንሰሩን ይዛችሁ ቶርኖ ቤት ሂዱና በእሱ ልክ ጥርስ የወጣለት ቀለበት አስቀርጹ፣ ከዚያ ቧንቧው ላይ ይበየድ። በጎማ ቱቦ መሃል የሚገባ አጭር ብረት የሚጠቀሙም አሉ። ይሠራል። ነገር ግን ግራ ቀኙ ጎማ ስለሆነ ባለ አንድ ሽቦው ሴንሰር ኔጋቲቭ አያገኝም፤ ለብረቱ የራሱን ኔጋቲቭ ሽቦ ሳቡለት። ጥርሱ ላይ ቴፍሎን መጠቅለልም ልክ አለው፤ ሲበዛ ብረትን ከብረት ይለያል። ሽቦ ማስረዘም ግን አያስፈራም። አንድ ሜትር ሽቦ የሚጨምረው ከአንድ ኦም በታች ነው። የሚያሳስበው ተጠማዞ በፕላስተር የታሰረ መገጣጠሚያ ነው። በዩት፣ ከጭስ ማውጫውም አርቁት።

ሲያበቃ አየሩን ማስወጣት ግድ ነው። ለዚህ ጎንደር የታደለች ናት፤ አፍንጫዋን ሽቅብ አድርጋችሁ የምታቆሙበት ዳገት አታጡም። ክዳኑን ከፍታችሁ ቀዝቃዛውን ሞተር አስነሱ፣ የጋቢናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ክፈቱ፣ አረፋው እስኪያቆም ውሃ ጨምሩ።

እኛ ከመግጠማችን በፊት ሴንሰሩን ጓደኛዬ ቤት ቀቀልነው። የእናቱን አሮጌ ማንቆርቆሪያ ለምነን ምድጃ ላይ ጣድን፣ ሴንሰሩን በሽቦ አንጠለጠልን፣ ቴስተሩን ያዝን። እናቱ በሩ ላይ ቆመው «አይ ልጆቼ፣ ከእንግዲህ በዚህ ሻይ ልጠጣ ነው?» አሉ። ውሃው ሲንፈቀፈቅ ቴስተሩ ላይ ያለውን ቁጥር ጻፍን፣ ከጎኑም 93 ብለን ጻፍን። በይነመረብ ላይ እንደምናየው 100 ብለን ብንጽፍ ኖሮ ልካችን ሁሉ ሰባት ዲግሪ ይዛነፍ ነበር።

የቴስታታውን ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ቀየርን፣ ሴንሰሩን ቴስታታው መውጫ ላይ ወዳሠራነው ቧንቧ መለስን፣ ከዚያ አዘዞ ወርደን ዳገቱን እንደገና ወጣን። በዚህኛው ጉዞ መርፌዋ ተነስታ ግማሽ ላይ ቆመች። ጓደኛዬ ዓይኑን ከእሷ ላይ መንቀል አቃተው። «ጋለች እንዴ?» ይላል፣ ዳር ይይዛል፣ ኮፈኑን ይከፍታል፣ እንፋሎት የለም፣ ይዘጋል። ፒያሳ እስክንደርስ ሦስት ጊዜ አቆመ።