እምቦጭ «ጸዳ» አይባልም

ጥቅምት በገባ ቁጥር ከጣና ዳር የማይጠፋ ወሬ አለ፦ «ዘመቻ ወጥተን ጠራርገን ጨርሰነዋል።» በዓመቱ ያው ዳር፣ ያው እምቦጭ የሚባል የውሃ አረም። ያኔ ደግሞ «እርግማን ነው» ይባላል። ምን እርግማን አለው? ዘሩ ጭቃው ውስጥ ተቀምጧል፤ የተነሣው ከላይ የሚታየው ብቻ ነው።

የእምቦጭ አበባ ሲጠወልግ አንገቱን ወደ ውሃው ይደፋና ዘሩን ይጥላል። ዘሩ ጤፍ የምታክል ናት፤ ትሰምጣለች፣ ጭቃ ውስጥም እስከ 20 ዓመት ሳትሞት ትቆያለች። የሚቀሰቅሳት ሙቀትና ብርሃን ነው። ከጥቅምት በኋላ ሐይቁ ሲሸሽ ውሃው ይሳሳል፣ ፀሐይ ጭቃው ላይ ትደርሳለች፣ ያኔ ትበቅላለች። ቦታው ደግሞ ገበሬው ሽንብራና ጓያ የሚዘራበት ባሕር ሸሽ መሬት ነው። ዘመቻው ሲያበቃ የቡቃያው ወቅት ይጀምራል ማለት ነው።

ስለዚህ ነቀላው አበባ ሳይታይ ይሁን። በማጭድ መቁረጥ ዋጋ የለውም፤ ከእንብርቱ እንደገና ያቆጠቁጣል። ከነሥሩ በመንሽ ይነሣ፤ ዳር ዳሩን መረብ ይዘርጋ፣ አለዚያ የተገነጠለው በነፋስ ሄዶ የጎረቤት ቀበሌ ይተከላል። የተነቀለው ለአንድ ቀን ከውሃው ከፍ ብሎ ይንጠፍጠፍ፣ ሸክሙ ይቀላል። ከዚያ በቃሬዛ ወይም በጋሪ፣ ክረምት ላይ ውሃው ከሚደርስበት ምልክት በላይ ይውጣና ሳስቶ ይሰጣ። ብዙ ቦታ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ዳር ላይ ተከምሮ ይተውና ነሐሴና መስከረም ውሃው ሞልቶ ወደ ሐይቁ ይመልሰዋል። ሲደርቅ ይቃጠል።

ከዚያ ክትትል። ሲመቸው በሁለት ሳምንት እጥፍ ይሆናል፤ በዚህ ስሌት የተረሳች አንድ ግንድ በአራት ወር 256 ትሆናለች። ውሃው እስኪደርቅ ድረስ በየ15 ቀኑ ዳሩን መዞር ያስፈልጋል። ቡቃያው ያ የምታውቁት ያበጠ አገዳ የለውም፤ ጭቃው ላይ የተጣበቀ ቀጭን ቅጠል ስለሆነ ሣር መስሏችሁ ትረግጡታላችሁ። ደግሞ በባዶ እግር አትግቡ፤ አልቅትም ቢልሃርዚያም አለ።

«ጠላት የበተነው ነው» ለሚሉት፦ አገሩ አማዞን ነው፤ ቆቃና አዋሽ ላይ እ.ኤ.አ. በ1965፣ ጣና ላይ በ2011 ታይቷል።

«ማሽን ቢገዛልን» የሚለውም ሰልችቶናል። ማሽኑ ለመንሳፈፍ ጥልቀት ይፈልጋል፤ በሐይቁ ዳር ባሉት ደምቢያና ፎገራ ላይ የሚያስቸግረው ግን ሰው ጉልበቱ ድረስ ገብቶ የሚቆምበት ዳር ነው። ያጨደውን የሚያነሣለት መኪናና መጣያ ካልተዘጋጀለትም ቆሞ ይውላል።

«ኬሚካል ይረጭ» ከተባለ፣ የሞተው ሰምጦ ይበሰብሳል፣ የውሃውን አየር ይጨርሳል፣ ዓሣው ያልቃል፤ ሰውና ከብት የሚጠጡትም ያንኑ ውሃ ነው። ጭቃ ውስጥ ያለውን ዘር ደግሞ አይነካውም። ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ የተለቀቀው እምቦጭ የሚበላ ጢንዚዛ ጥሩ ሠርቷል፤ ሆኖም ዓመታት ይፈልጋል፣ ፈጽሞም አያጠፋም።

«የእኔ እርሻ ምን አገናኘው?» ይገናኛል። የርብ፣ የጉማራና የመገጭ ወንዞች ከእርሻው ጠርገው ወደ ሐይቁ ይዘውት የሚገቡት አፈርና ማዳበሪያ የእምቦጭ ምግብ ነው። ደንገሉንና ሣሩን እስከ ውሃው ጫፍ አርሳችሁ ስታበቁ፣ ደለሉን የሚያጣራው ወንፊት ጠፋ።

«መኖ ይሆናል»፦ ከ100 ኪሎው 95ቱ ገደማ ውሃ ነው። ላሟ ሆዷን ትሞላለች እንጂ አትጠግብም።

«ብስባሽ ይሁን» ለሚሉት ደግሞ፣ አበባ ሳያወጣ የተነቀለ ከሆነ ይሁን። ዘር የያዘው ግን ክምሩ ውስጡ እጅ እስኪያቃጥል ካልጋለና ካልተገላበጠ ዘሩ አይሞትም፤ ማሳችሁ ላይ ስትበትኑት ከውሃ ቦይ አርቁት።