ሄቪ ሜታል በጅማ

ሄቪ ሜታል የሚባለው ከባድ የጊታር ሙዚቃ በጅማ የራሱ ቤት የለውም። ፖስተር የተለጠፈለት ኮንሰርት እኔ አላየሁም። ያለው ጆሮ ውስጥ ነው። አንዱ ዩኒቨርሲቲ ዶርም ተኝቶ ይሰማዋል፣ ሌላው ከአጂፕ ወደ መርካቶ በባጃጅ ሲሄድ በኢርፎን። ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ በቡናና በአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በምትታወቀው ከተማ የዚህ ሙዚቃ ወዳጆች ጥቂት ናቸው። ግን አሉ። እኔም አንዱ ነኝና በዚህ ጽሑፍ ትንሽ ባዳላ አትታዘቡኝ።

ሙዚቃው የተወለደው እንግሊዝ፣ በርሚንግሃም ውስጥ ነው። በርሚንግሃም የፋብሪካ ከተማ ናት። ቶኒ አዮሚ የሚባል የ17 ዓመት ልጅ እዚያ ብረታ ብረት ፋብሪካ ይሠራ ነበር። ሥራውን ሊለቅ በመጨረሻው ቀን ማሽን የቀኝ እጁን የሁለት ጣቶች ጫፍ ቆረጠበት። ግራኝ ስለሆነ የጊታሩን ክር የሚጫነው በዚያው በቀኝ እጁ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ጊታሩን ይሸጥ ነበር። እሱ ግን የፕላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራ። ቀጫጭን ክር ፈለገ፤ በኋላም እንዳያመው ክሩን አላላው። ክሩ ሲላላ ድምፁ ወረደ፣ ከበደ። ቡድኑ ብላክ ሳባዝ የመጀመሪያ አልበሙን እ.ኤ.አ. በ1970 አወጣ። ብዙዎች የሄቪ ሜታልን ዕድሜ የሚቆጥሩት ከዚያ ነው።

አንድ ጊዜ ጅማ ውስጥ ሙዚቃ የሚጭን ሞባይል ቤት ገብቼ ሚሞሪዬን ሰጠሁ። ልጁ አንዱን ዘፈን ከፍቶ ለአሥር ሰከንድ ያህል ሰማና አዘነልኝ። «ብራዘር፣ ይሄ ፋይል ተበላሽቷል፤ ላጥፋልህ?» አለኝ። በእርግጥ ልጁ ብዙም አልተሳሳተም። ዲስቶርሽን የሚባለው ነገር ሆን ተብሎ የተበላሸ ድምፅ ነው። ማጉያው ከአቅሙ በላይ ሲጫን የጊታሩ ድምፅ ይሰባበራል፣ ይሻክራል፣ ይወፍራል።

ለእኛ ግን ይህ እንግዳ መሆን አልነበረበትም። በገናን አስቡ። አሥር ክር አለው። በእያንዳንዱ ክርና ክሩ በሚያርፍበት ድልድይ መካከል እንዚራ የምትባል ትንሽ ቆዳ ትገባለች። ያ አጥንት ድረስ የሚዘልቀው እዝዝታ ከእሷ ነው የሚመጣው። እንዚራውን ብታወጡት በገናው ድምፁ ይሳሳል። ስለዚህ ድምፅን አሻክሮ ማክበድን ከበርሚንግሃም ሰው መማር አያስፈልገንም። ይህን ለእናቴ በዐቢይ ጾም፣ በገና ከፍታ ስታዳምጥ ነገርኳት። «ሂድ ወደዚያ! በገናንና ይሄን ጩኸት አንድ ልታደርግ!» አለችኝ። እስካሁን ይቅር አላለችኝም።

የእናቴ ቁጣ ግን ባዶ አይደለም። ይህ ሙዚቃ የሰይጣን ነው የሚለው ወሬ ጅማም ደርሷል። ጥፋቱ በከፊል የባንዶቹ የራሳቸው ነው፤ የራስ ቅልና እሳት ይወዳሉ። የብላክ ሳባዝ የመጀመሪያ አልበም መክፈቻ ዘፈን ደግሞ የቆመው ትራይቶን በሚባል የድምፅ ርቀት ላይ ነው። የአውሮፓ የሙዚቃ መምህራን ድሮ «በሙዚቃ ውስጥ ያለ ዲያብሎስ» ይሉት የነበረው ርቀት ነው። የሚያስቀው፣ ያው ርቀት በእኛው አንቺሆዬ ቅኝት ውስጥም አለ። አንቺሆዬን ግን ሰይጣን ጠራ ብሎ የከሰሰው የለም።

የቀንዱ ምልክትም እንዲሁ ነው። አመልካች ጣትና ትንሿን ጣት ቀጥ አድርጎ ማንሳትን በሜታል መድረክ ያስለመደው ሮኒ ጄምስ ዲዮ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1979 ብላክ ሳባዝን የተቀላቀለ ዘፋኝ። የተማረው ከጣሊያናዊት አያቱ እንደሆነ ይናገር ነበር። አያቱ የምትጠቀምበት ደግሞ ክፉ ዓይንን ለመከላከል ነው። በእኛ ቋንቋ፣ ለቡዳ።

የሜታል ሰው ሌላውን የሚያውቀው በጥቁር ቲሸርቱ ነው። በሌላ አገር ይህ ይሠራል። ጅማ ላይ ግን ሳልባጅ አለ። መርካቶ ውስጥ አይረን ሜይደን የሚባለውን የሜታል ባንድ ቲሸርት የለበሰ ጆንያ ተሸካሚ አይቼ ልቤ ቀጥ አለ። ሮጬ ሄጄ ቀንድ አሳየሁት። ጆንያውን አወረደና «ምን ሆነሃል ወንድሜ?» አለኝ። ቲሸርቱን የገዛው ጨርቁ ወፍራም ስለሆነ ነበር።

ስለዚህ እዚህ ሰው የሚገኘው በእጅ በእጅ ነው። ዱሮም እንዲያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ወዳጆች ካሴት እየቀዱ በፖስታ ይለዋወጡ ነበር። ሜታሊካ የሚባለው ባንድ በ1983 የመጀመሪያ አልበሙን ከማውጣቱ በፊት ስሙ የዞረው በእንዲህ ዓይነት ቅጂ ነው። እኛ ካሴቱን በፍላሽና በቴሌግራም ተካነው። አንድ ሰው አልበም ይልክልሃል፤ በማግስቱ ሦስተኛውን ዘፈን ሰማኸው ወይ ብሎ ይጠይቅሃል። ካልሰማህ ይቀየምሃል። ከዚያ በሜታል ዓይነቶች ላይ ክርክሩ ይጀመራል፦ ትራሽ ይሻላል ዴዝ ሜታል፣ ዱም ያስተኛል አያስተኛም። ለውጭ ሰው ሁሉም አንድ ጩኸት ነው። ለእኛ የቡና ደረጃ እንደመለየት ነው።

በአፍሪካ ብቻችንን አይደለንም። ቦትስዋና ውስጥ ቆዳ ለብሰው ሰፊ ባርኔጣ የሚደፉ የሜታል ወዳጆች አሉ፤ ናይሮቢም ባንዶች አሏት። አገር ቤት ለዚህ ድምፅ የቀረበው ጃኖ ባንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው «ኤርታሌ» የአገራችንን ዜማ ከከባድ ጊታር ጋር አጋብቷል። ሜታል ነው ሮክ የሚለው ክርክር ከእኛ ጋር ሌሊቱን ያነጋል። እኔ ሮክ ነው ባይ ነኝ።

ሐምሌ 5 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. የብላክ ሳባዝ የመጀመሪያ ዘፋኝ ኦዚ ኦዝቦርን በአስቶን ቪላ ክለብ ሜዳ በቪላ ፓርክ፣ ባደገበት ሰፈር፣ ጥቁር ዙፋን ላይ ተቀምጦ ለመጨረሻ ጊዜ ዘፈነ። መቆም አቅቶት ነበር። በ17ኛው ቀን አረፈ፤ 76 ዓመቱ ነበር። እኛ ሦስት ሆነን በአንድ ስልክ ነበር የተከታተልነው፤ ዳታ ስናዋጣ። የኳስ ወዳጁ ጓደኛችን እስከዛሬ ቪላ ፓርክን የሚያውቀው በፕሪሚየር ሊግ ብቻ ነበር።

በድምፅ ማጉያ መስማት ግን ከጎረቤት ያጣላል። መፍትሔው ክረምቱ ነው። የጅማ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ መውረድ ሲጀምር ከድራም አይተናነስም፤ ማንም ማንንም አይሰማም። ያኔ ኢርፎኑን እንነቅላለን።