የመብረቅ ጉዳት ምንድን ነው? መጀመሪያ እርዳታ ማግኘት ያለበትስ ማን ነው?

የመብረቅ ጉዳት ከደመና ወደ ምድር የሚወርደው ከፍተኛ የኤሌክትሪክ ኃይል በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ በሰው አካል ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ነው። ብዙ ሰው ይህን ጉዳት ከኤሌክትሪክ ገመድ አደጋ ጋር አንድ አድርጎ ቢያየውም፣ ሁለቱ በጉዳታቸው ዓይነትም በሕክምናቸውም ይለያያሉ። መብረቅ አብዛኛውን ጊዜ በአስር ሺዎች የሚቆጠር አምፔር የሚይዝና የሚያልፍበትን አየር እስከ 30,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያግል የሚችል ቢሆንም፣ የሚቆየው ከሰከንድ እጅግ ላነሰ ጊዜ ነው። በዚህ አጭር ጊዜ ውስጥ አብዛኛው ኃይል ወደ አካል ጠልቆ ሳይገባ በቆዳና በረጠበ ልብስ ላይ አልፎ ወደ መሬት ስለሚሄድ፣ የኤሌክትሪክ ገመድ የያዘው ሰው ላይ የሚታየው ሥጋን ዘልቆ የሚያቃጥል ጉዳት በመብረቅ ተጎጂ ላይ ብዙም አይታይም። ቃጠሎው በአብዛኛው የላይኛው ቆዳ ላይ የሚቀር ሲሆን፣ ላብና የዝናብ ውኃ በቅጽበት ወደ እንፋሎት ሲቀየሩ ልብስ ሊቀደድና ጫማ ሊፈነዳ ይችላል፤ የአንገት ሐብልና ኪስ ውስጥ ያለ ሳንቲምም ባረፉበት ቦታ ቆዳውን ያቃጥላሉ።

መብረቅ ሰውን በቀጥታ የሚመታው ከስንት አንድ ጊዜ ነው። ብዙዎቹ ተጎጂዎች የሚጎዱት በተጠለሉበት ዛፍ ላይ ያረፈው መብረቅ ወደ እነርሱ ሲዘል፣ ወይም በአቅራቢያቸው መሬት የመታው ኃይል በአፈር ውስጥ ተሰራጭቶ በአንድ እግር ገብቶ በሌላው ሲወጣ ነው። በክረምት ከዛፍ ሥር የተጠለሉ በሬዎች በአንድ ምት የሚያልቁትም በዚሁ መንገድ ነው፤ የፊትና የኋላ እግራቸው የተራራቀ በመሆኑና ልባቸውም በመካከል ላይ ስለሚገኝ ኃይሉ በልባቸው በኩል ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2016 በኖርዌይ ሃርዳንገርቪዳ በተባለ ከፍተኛ ቦታ 323 የዱር አጋዘኖች በአንድ ማዕበል ሞተው የተገኙት መብረቅ መሬቱን በመምታቱ ነበር።

በመብረቅ ለሚደርስ ሞት ዋነኛው ምክንያት ቃጠሎ ሳይሆን የልብና የትንፋሽ መቆም ነው፤ ይህን ማወቅ ሕይወት የሚያተርፍ በመሆኑ ከሁሉም አስቀድሞ ሊታወቅ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። ኃይሉ ልብን በአንድ ጊዜ ቀጥ ያደርገዋል፤ ልብ ግን ምቱን ራሱ የሚያስነሳ አካል ስለሆነ ብዙ ጊዜ ከጥቂት ቆይታ በኋላ ያለማንም እርዳታ መምታት ይጀምራል። በአንጎል ግንድ ውስጥ ያለው ትንፋሽን የሚያዘው ክፍል ግን ደንዝዞ ይቆያል። ልቡ እየመታ የማይተነፍስ ሰው ኦክስጅን አጥቶ ልቡ ለሁለተኛ ጊዜ ይቆማል፤ ይህኛው መቆም ከመጀመሪያው ይልቅ ለመመለስ ያስቸግራል። በሁለቱ መካከል ባሉት ደቂቃዎች ውስጥ አንድ ሰው ትንፋሽ ቢሰጠው የሚተርፍበት ዕድል ሰፊ ነው።

በዚህም ምክንያት በአንድ ምት ብዙ ሰው በሚጎዳበት ጊዜ በሌሎች አደጋዎች የሚሠራበት ቅደም ተከተል ይገለበጣል። በመኪና አደጋ ላይ የሕይወት ምልክት የማይታይበት ሰው ወደ ኋላ ይተውና ተስፋ ያለው ይቀድማል። በመብረቅ ጊዜ ግን የሚያቃስተውና የሚጮኸው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚተርፍ ስለሆነ፣ መጀመሪያ መታየት ያለበት የሞተ የሚመስለው፣ ትንፋሹም የልብ ምቱም የጠፋው ነው። የዓይኑ ብሌን ሰፍቶ ለብርሃን ምላሽ አለመስጠቱም ብቻውን የሞት ማረጋገጫ አይሆንም፤ መብረቅ የዓይንን ነርቮች ለጊዜው ሊያውክ ይችላልና። የተመታው ሰው አካል ውስጥ ኤሌክትሪክ አይቀርም፤ ስለዚህ ወዲያውኑ በእጅ መንካት አያስፈራም። የሚያስፈራው መብረቁ በዚያው አካባቢ ደግሞ ሊወርድ መቻሉ ስለሆነ፣ ከተቻለ ተጎጂውን በፍጥነት ከገላጣ ሜዳና ከዛፍ ሥር ማራቅ ያስፈልጋል። ከዚያም የደረቱን መሐል በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ በኃይል እየተጫኑ፣ ከእያንዳንዱ 30 ጭነት በኋላ ሁለት ጊዜ የአፍ ለአፍ ትንፋሽ መስጠት ይገባል። የልብ ምቱ ተመልሶ ትንፋሹ ያልተመለሰለት ሰው ደግሞ እርዳታ እስኪደርስ ትንፋሹ ሳይቋረጥ ሊሰጠው ይገባል።

ከሞት የተረፉት ላይ ከሚታዩት ውስጥ ቤተሰብን በጣም የሚያስደነግጠው የእግርና አንዳንዴም የእጅ በድንገት ሽባ መሆን ነው። እጅና እግሩ ይቀዘቅዛል፣ ይገረጣል፣ የደም ትርታውም ይጠፋል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊው የነርቭ ሐኪም ሻርኮ የገለጸው ይህ ሁኔታ የደም ሥሮች በጊዜያዊነት በመጨማደዳቸው የሚመጣ በመሆኑ፣ አብዛኛውን ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ይለቃል፤ ለቀዶ ሕክምና መቸኮልም አያስፈልግም። ካልለቀቀ ግን የአከርካሪ አጥንትና የሕብለ ሰረሰር ጉዳት ሊመረመር ይገባል፤ መብረቅ ሰውን አስፈንጥሮ መጣል ይችላልና። በአንዳንዶች ቆዳ ላይ ደግሞ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተዘረጋ ቀላ ያለ ምልክት ይወጣል። ቃጠሎ ስላልሆነ ቅባት አያስፈልገውም፤ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ራሱ ይጠፋል።

በጤና ተቋም ውስጥ ተጎጂው ደህና ቢመስልም የልብ የኤሌክትሪክ ምርመራ፣ እንደ ሁኔታውም የደም ምርመራ ይደረግለታል። የጆሮ ታምቡር በነጎድጓዱ ግፊት መቀደድ በብዛት የሚያጋጥም ስለሆነ ጆሮ ሁልጊዜ መታየት አለበት። ነፍሰ ጡር ከሆነች እናቲቱ ምንም ባይሰማትም የፅንሱ ሁኔታ ሳይመረመር መሸኘት የለባትም። ለገመድ ቃጠሎ የሚሰጠውን ያህል ብዙ ፈሳሽ በደም ሥር መስጠት እዚህ አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም፤ አንጎሉ በተጎዳ ሰው ላይ እብጠቱን ሊያባብስበትም ይችላል።

ተጎጂዎቹ ወደ ቤት ከተመለሱ በኋላም ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት የሚዘልቅ ችግር አለ። የመርሳት፣ ትኩረት የማጣት፣ የእንቅልፍ መዛባት፣ የሚያቃጥል የነርቭ ሕመምና የባሕርይ ለውጥ ይታይባቸዋል፤ የአንጎል ምስል ግን ብዙ ጊዜ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። እንዲህ ያለውን ሰው «ምንም የለብህም» ብሎ መመለስ በደል ነው፤ ሕመሙ እውነተኛ ነውና የነርቭና የአእምሮ ሐኪም ክትትል ያስፈልገዋል። የዓይን ሞራም ከአደጋው ቀናት ወይም ወራት ቆይቶ ሊመጣ ስለሚችል፣ ማየቱ የደበዘዘበት ሰው ወደ ዓይን ሐኪም ሲሄድ መብረቅ መትቶት እንደነበር አስቀድሞ ሊናገር ይገባዋል።