የካንታጂው ቤተ መቅደስና የሸክላ ጥበቡ

ካንታጂው በሰሜን ባንግላዴሽ፣ ከዲናጅፑር ከተማ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ካንታናጋር መንደር ያለ የሂንዱ ቤተ መቅደስ ነው። የተሠራው ለሂንዱው አምላክ ለክሪሽናና ለሚስቱ ለሩክሚኒ ነው። በሸክላ ካጌጡ የቤንጋል (የዛሬዋን ባንግላዴሽና የሕንድን ምዕራብ ቤንጋል የሚያካትት ምድር) ቤተ መቅደሶች መካከል የሚስተካከለው ማግኘት ይከብዳል።

ያስጀመረው የዲናጅፑሩ ማሃራጃ (የአካባቢው ገዥ) ፕራን ናት ነው። በ1704 ተጀመረ የሚሉ አሉ፤ 1722 ነው የሚሉም አሉ (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ማለቂያው ግን አያከራክርም። እዚያው ያለው የሳንስክሪት ጽሑፍ 1752 ላይ ያደርሰናል። ያስጨረሰው የማሃራጃው የማደጎ ልጅ ራም ናት ነው።

ቤንጋል ደለል አገር ነው። ለግንባታ የሚሆን ድንጋይ እንደ ልብ አይገኝም፤ ሸክላ አፈር ግን ሞልቷል። ባለሙያዎቹ ይህንኑ አፈር አቡክተው፣ ቀርጸውና ተኩሰው ግድግዳውን ከታች እስከ ላይ አለበሱት። የሸክላ ሰሌዳዎቹ 15,000 ገደማ ይሆናሉ ይባላል። ከታች ባሉት ረድፎች ዝሆንና ፈረስ፣ አደን የወጡ መኳንንት፣ ሰው የጫኑ ጀልባዎች ይታያሉ። መኳንንቱ የለበሱት ሕንድን የገዙት የሙስሊሞቹ የሙጋል ነገሥታት ዘመን ልብስ ነው። ከፍ ሲል የጥንቶቹ የሂንዱ ግጥሞች የራማያናና የማሃባራታ ታሪክ፣ የክሪሽናም ታሪክ ይመጣል። የአጋንንት ንጉሥ ራቫና የራማን ሚስት ሲታን ይጠልፋል፤ ክሪሽና የጎቫርዳንን ተራራ ያነሳል፣ ካሊያ የተባለውን እባብ ያሸንፋል። ማንበብ የማይችል ገበሬ እንኳ ዙሪያውን እየተራመደ ታሪኩን ይከታተል ነበር። ይህን የሠሩት እጆች ስማቸው ከነገሥታቱ ስም ጎን መጻፍ ነበረበት።

ሕንፃው ሦስት ፎቅና ዘጠኝ ጉልላት ነበረው። የ1897ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ጉልላቶቹን አፈረሳቸው። ማሃራጃ ጊሪጃ ናት ቤተ መቅደሱን ቢያስጠግንም ጉልላቶቹ አልተመለሱም። ዛሬ የሚጠብቀው የአገሪቱ የአርኪዮሎጂ መሥሪያ ቤት ነው።

በአቅራቢያው ናያባድ የሚባል መስጊድ አለ። ቤተ መቅደሱን የገነቡት ሙስሊም ግንበኞች ለራሳቸው የሠሩት ነው ይላሉ የአካባቢው ሰዎች። በመስጊዱ ላይ የተጻፈው ዓመት ግን 1793 ነው፤ ቤተ መቅደሱ ካለቀ ከ41 ዓመት በኋላ። ምናልባት የግንበኞቹ ልጆች ሥራ ይሆናል።

በቤተ መቅደሱ አምልኮው አልተቋረጠም። በክሪሽና ልደት በዓል የአምላኩ ምስል በጀልባ ወደ ዲናጅፑር ቤተ መንግሥት ይሄዳል፤ «ራስ» ለተባለው የክሪሽና ጭፈራ በዓል ደግሞ ይመለሳል። ያኔ አንድ ወር ያህል የሚቆይ ትልቅ የገበያ በዓል ይቆማል፤ ከሩቅም ከቅርብም ሰው ይጎርፋል።